ጥያቄ አለኝ፦ ስም እና ሃይማኖት በአሜሪካ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ

በኖቬምበር 2025 አቶ ግርማይ ዛሂላይ ሲያትልን የሚያጠቃልለው የኪንግ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪ ሆነው ከተመረጡ ወዲህ፣ ወደዚህ ዓምድ የሚላኩት ደብዳቤዎች መልካቸው ተለውጧል። ቀድሞ ጠያቂዎቻችን የሚያነሡት ስለ ዋይት ሐውስ እና ስለ ኮንግረስ ነበር፤ አሁን ግን ስለ ትምህርት ቤት ቦርድ፣ ስለ ከተማ ምክር ቤት፣ አልፎ ተርፎም ስለ ሰፈር ኮሚሽነር ይጽፉልናል። ከደረሱን ውስጥ ስድስቱን መርጠናል። ሁሉም በአንድ ነገር ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ ይኸውም መራጭ የማያውቀውን ሰው በስሙ እና በሃይማኖቱ የሚመዝነው ለምን እና እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሃያ ዓመት በላይ በሲያትል አቅራቢያ የኖርኩ አባት ነኝ። ሁለተኛው ልጄ ለትምህርት ቤት ቦርድ ሊወዳደር ተነሥቷል። የልጁ ስም በ«ገብረ»፣ የእኔ ደግሞ በ«ወልደ» ይጀምራል፤ ሁለቱ ተከታትለው ሲጻፉ መሥመር ይሞላሉ። የዘመቻ አጋሮቹ «ጌብ» ብለህ አሳጥረው፣ የአባትህንም ስም ከግማሹ ቁረጠው ብለውታል። እኔ ተቆጥቻለሁ፤ እናቱ ግን «ልጁ ይመረጥልኝ እንጂ ስሙን እኛ ቤት እንጠራዋለን» ትላለች። በእርግጥ ስም ይህን ያህል ይወስናል? (አባት፣ ከዋሽንግተን ስቴት)

መልስ፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ መልአኩ ግን ስሙን ሲያወጣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ስፋት ያሰበ አይመስልም። ቀልዱን ትተን ስንመልስ፣ አዎን፣ ስም ይወስናል፤ ልጅዎ በሚወዳደርበት ዓይነት ምርጫ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይወስናል።

በአሜሪካ ካውንቲው፣ ከተማው፣ የትምህርት ቤት አስተዳደሩ፣ የውኃ እና የእሳት አደጋ አገልግሎቱ ሁሉ ለየብቻ ሲቆጠር ከ90,000 በላይ የአካባቢ መንግሥታት አሉ፤ በሕዝብ ድምፅ የሚያዙት ወንበሮችም ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ስለዚህ አንድ መራጭ በአንድ ቀን ከፕሬዚዳንት ጀምሮ እስከ ዳኛ እና እስከ ቦርድ አባል ድረስ ብዙ ስም ይደረደርለታል። ከላይ ያሉትን በቴሌቪዥን ያውቃቸዋል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግን የሚያውቀው ሰው እያለቀበት ይሄዳል። አብዛኞቹ የከተማ እና የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫዎች ደግሞ የፓርቲ ስም የማይጻፍባቸው በመሆናቸው፣ «የእኛ ወገን ነው» ብሎ የሚገላገልበት ምልክት እንኳ አያገኝም። ያን ጊዜ ቦታውን ባዶ ትቶት ያልፋል፣ አለዚያም ጆሮው የለመደውን ስም ይመርጣል።

ይህ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ኢሊኖይ በ1986 አይታዋለች። በዚያ ዓመት ማርች ወር ዴሞክራቶች ዕጩዎቻቸውን በመረጡበት ቅድመ ምርጫ የፓርቲው መሪዎች ለምክትል አገረ ገዥነት የስቴት ሴናተር የነበሩትን ጆርጅ ሳንግማይስተርን፣ ለስቴቱ ዋና ጸሐፊነት ደግሞ ኦሪሊያ ፑሲንስኪን ደግፈው ነበር። ያሸነፉት ግን ማርክ ፌርቻይልድ እና ጃኒስ ሃርት የሚባሉ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራቸው ሰዎች ሆኑ። ሁለቱም የሊንደን ላሩሽ ተከታዮች ነበሩ፤ ላሩሽ ደግሞ የእንግሊዝን ንግሥት በአደንዛዥ ዕፅ ንግድ እስከ መወንጀል የደረሰ ሰው ነው። አብዛኛው መራጭ ይህን አላወቀም። ያየው ሁለት አጫጭር፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ የቀለሉ ስሞችን ነው፤ ከጎናቸው የነበሩት አንድ የጀርመን እና አንድ የፖላንድ ስም ናቸው። ለአገረ ገዥነት በዕጩነት የተመረጡት አድላይ ስቲቨንሰን ሦስተኛው ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ዝርዝር አልሰለፍም ብለው የፓርቲያቸውን ዕጩነት ጣሉ፤ አዲስ ፓርቲ አቋቁመው ተወዳደሩ፤ ተሸነፉም። ፑሲንስኪ የሚለው ስም ግን ቺካጎ ውስጥ ባሉት የፖላንድ ተወላጆች ሰፈሮች የታወቀ የፖለቲከኛ ቤተ ሰብ ስም ነበር። ያው አንድ ስም ለአንዱ ሰፈር ማር፣ ለሌላው እሬት ነው።

በዚያው ስቴት፣ ቺካጎ በምትገኝበት ኩክ ካውንቲ፣ ለዳኝነት የሚወዳደር ሰው የአየርላንድ ስም ቢኖረው እንደሚቀናው ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ስማቸውን በፍርድ ቤት ወደ አየርላንድ ስም ያስለወጡ ጠበቆች እስኪታዩ ድረስ። ነገሩ ሲበዛ ስቴቷ በ2007 ሕግ አወጣች፤ ከምርጫው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ስሙን የለወጠ ዕጩ፣ በጋብቻ እና በመሳሰለው ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ የቀድሞ ስሙ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይታተምበታል። የስሙ ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ከላይ የተጻፈ ስም ሰዉ በማያውቃቸው ዕጩዎች መካከል ጥቂት ድምፅ ይጨምራል። ካሊፎርኒያ በዚህ የተነሣ ከ1975 የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል በዕጣ ታወጣለች። በእናንተም ስቴት በቅድመ ምርጫው ማን ከማን በፊት እንደሚጻፍ የሚወስነው ዕጣ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የልጅዎን አጋሮች የሚደግፍ ይመስላል፤ ሌላውንም ወገን እንይ። በ2010 በአላስካ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸንፈው ስማቸው ከወረቀቱ ወጣ። መራጩ በእጁ ጽፎ እንዲመርጣቸው ጠየቁ። ስሙ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪም ቢሆን ለመጻፍ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ፊደሎቹን አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ማስታወቂያዎች ተሠሩ፣ ስሙ የታተመበት የእጅ አምባርም ታደለ። መራጩ አምባሩን አስሮ ገባ፣ እያየ ጻፈ፣ ሴትየዋም አሸነፉ። ተቀናቃኛቸው «ፊደል የተሳሳተበት ወረቀት ይሰረዝ» ብለው ቢከሱም የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመራጩ ሐሳብ እስከታወቀ ድረስ ትንሽ የፊደል ግድፈት ድምፁን አይሽርም ብሎ ፈረደ። ከዚህ የምንረዳው አስቸጋሪ ስም ከታወቀ አስቸጋሪነቱ እንደሚረሳ ነው።

በእኛ አካባቢ ስሞችም ታይቷል። ከኤርትራውያን ወላጆች ካሊፎርኒያ ውስጥ የተወለዱት ጆ ንጉሤ በ2018 ከኮሎራዶ ለኮንግረስ ተመርጠዋል፤ ንጉሥ በሌለበት አገር «ንጉሤ» ብሎ መመረጥ እኛን ፈገግ ያሰኘን እንደሆነ እንጂ መራጩን አላስጨነቀውም። ጋምቤላ ተወልደው በስደተኛ ካምፕ ያደጉት ኦባላ ኦባላ በ2020 በሚኒሶታዋ ኦስቲን ከተማ ለከተማው ምክር ቤት ሲመረጡ፣ ዜግነት ካገኙ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አቶ ግርማይም ቢሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2019 ለካውንቲው ምክር ቤት የተመረጡት ላሪ ጎሴትን አሸንፈው ነው፤ ጎሴት ደግሞ በሲያትል የጥቁሮች የመብት ትግል ውስጥ ስማቸው የገነነ፣ ወንበሩንም ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የያዙ ሰው ነበሩ።

ወደ እርስዎ ቤት ክርክር ስንመለስ፣ የስቴታችሁ ሕግ ዕጩው በሰፊው የሚታወቅበትን ቅጽል ስም በመጀመሪያ ስሙ ቦታ እንዲያጽፍ ይፈቅድለታል፤ የመጨረሻው ስም ግን ለመራጭነት የተመዘገበበት መሆን አለበት። ስለዚህ ጓደኞቹ ድሮም «ጌብ» የሚሉት ከሆነ እርሱ ይጻፍ፤ የእርስዎ ስም ሳይቆረጥ ይቀመጣል። ለዘመቻ ብቻ የተፈጠረ ስም ከሆነ ግን አንመክርም። ከማሳጠሩ ይልቅ ቸል የሚባለው ሌላ ነገር ነው። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ለአንዱ ስም አራት እና አምስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል፤ በመንጃ ፈቃዱ አንድ፣ በትምህርት ማስረጃው ሌላ፣ በፌስቡኩ ሦስተኛ። በምዝገባው ቅጽ፣ በግቢ በሚተከለው ሰሌዳ እና በበራሪ ወረቀቱ ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ፊደል ሳይለይ አንድ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በር ማንኳኳት ነው፤ በትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ የሚሰጠው ድምፅ ጥቂት ስለሆነ፣ ሁለት እግር የሚደርስበት ቤት ቁጥር ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሃይማኖትን ከመንግሥት ለይቷል ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን ዕጩዎቹ ሁሉ በምርጫ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በቴሌቪዥን እናያለን። ሕጉ ነው የማይሠራው ወይስ ሕዝቡ? (መምህር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሕጉ ይሠራል፤ የሚያዘው ግን መንግሥትን ነው። የሕገ መንግሥቱ ስድስተኛ አንቀጽ ለማንኛውም የፌዴራል ሥልጣን የሃይማኖት መመዘኛ ፈጽሞ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ስቴቶች ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። ሜሪላንድ በእግዚአብሔር አምናለሁ ብሎ ለማረጋገጥ ፈቃደኛ ያልሆነን ሰው የውል እና ማስረጃ ሹመት ከልክላ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961 ይህ አይቻልም አለ። ቴነሲ ደግሞ በተቃራኒው ካህናትን እና ሰባኪዎችን ከምክር ቤት ወንበር ታግድ ነበር፤ እርሱም በ1978 ተሻረ። ዛሬም በቴክሳስ እና በጥቂት ሌሎች ስቴቶች ሕገ መንግሥት ውስጥ እግዚአብሔርን የሚክድ ሰው አይሾምም የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ይገኛል፤ ፍርድ ቤት ግን አያስፈጽመውም።

በድምፅ መስጫው መጋረጃ ውስጥ የገባውን ሰው ግን «ሃይማኖት አይተህ አትምረጥ» የሚለው ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የኒው ዮርኩ አገረ ገዥ አል ስሚዝ በ1928 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ሲሸነፉ ካቶሊክ መሆናቸው ብዙ ድምፅ አሳጥቷቸዋል። ጆን ኬኔዲም በ1960 ያው ጥያቄ ስለተነሣባቸው በሴፕቴምበር 12 ቀን ሂዩስተን ሄደው በፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ፊት ቆሙ፤ የካቶሊኮች ዕጩ ሳይሆኑ ካቶሊክ የሆኑ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ እንደሆኑ ተናገሩ፤ ለጥቂት አሸነፉ። ከእርሳቸው በኋላ ሌላ ካቶሊክ ፕሬዚዳንት እስኪመረጥ 60 ዓመት አልፏል፤ ባይደን በ2020 ሲወዳደሩ ግን ካቶሊክነታቸው ያን ዓይነት ፍርሃት አላስነሣም።

በስም ላይ ያልነው በሃይማኖት ላይም ይሠራል፤ ሃይማኖት ይበልጥ የሚከብደው መራጩ ስለ ሰውየው ሌላ የሚያውቀው ነገር ሲያጣ ነው። ኪት ኤሊሰን በ2006 ለኮንግረስ የተመረጡ የመጀመሪያው ሙስሊም ናቸው። የመረጧቸው የሚኒያፖሊስ ሰዎች በስቴቱ ምክር ቤት አባልነታቸው ያውቋቸው ነበር፤ በቁርኣን ሊምሉ ነው ተብሎ ጩኸቱ የበረታው ከሩቅ፣ በሌሎች ስቴቶች ነው። በምክር ቤቱ አዳራሽ የሚፈጸመው መሐላ በጋራ እጅን በማንሣት ስለሆነ መጽሐፍ የሚያዘው በኋላ ለፎቶግራፍ በሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ኤሊሰን ለዚያ የተጠቀሙበት በ1764 ለንደን የታተመውን፣ የፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ንብረት የነበረውን ሁለት ቅጽ ቁርኣን ነበር፤ ከኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ተውሰው። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ረገብ አለ።

ስም እና ሃይማኖት የተደበላለቁበት ትልቁ ምሳሌ በእርግጥ ባራክ ሁሴን ኦባማ ናቸው። የመጀመሪያውን ስማቸውን እኛ ሳይተረጎምልን እንረዳዋለን፤ ከ«ቡሩክ» ጋር አንድ ሥር ነው። መካከለኛውን ስም ግን በ2008 ተቃዋሚዎቻቸው እየጎተቱ ሙስሊም ናቸው የሚል ወሬ ነዙበት። የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው የነበሩት ጄኔራል ኮሊን ፓውል በኦክቶበር በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሰውየው ክርስቲያን ናቸው፣ ትክክለኛው መልስ ግን ሙስሊም ቢሆኑስ ምን ይሆናል የሚለው ነው አሉ። ሌላውን መንገድ የሄዱም አሉ፤ ከሕንድ ቤተ ሰብ የተወለዱት ፒዩሽ ጂንዳል «ቦቢ» ተብለው፣ ከሂንዱነት ወደ ካቶሊክነት ተመልሰው የሉዊዚያና አገረ ገዥ ሆነዋል። የእምነታቸውን እውነተኛነት የመመርመር ሥልጣን ለእኛ አልተሰጠንም፤ ስሙ ግን ወረቀቱ ላይ እንደቀለላቸው መካድ አይቻልም።

የአካባቢ ምርጫ ሥዕሉን ከሥሩ ሲለውጠው ማየት ከፈለጉ ሚሺጋን ውስጥ ሃምትራምክን ይመልከቱ። አንድ መቶ ዓመት ገደማ የፖላንድ ተወላጅ ከንቲባዎች የተፈራረቁባት ትንሽ ከተማ ናት። በ2004 የመስጊድ አዛን በድምፅ ማጉያ ይፈቀድ አይፈቀድ በሚል ተከራክራ፣ ነገሩን እስከ ሕዝብ ድምፅ አድርሳ ፈቀደች። በ2015 የምክር ቤቷ አብላጫ ሙስሊም ሆነ፤ በ2021 ደግሞ የመን የተወለዱ ከንቲባ ተመረጡ፣ ምክር ቤቱም በሙሉ ሙስሊም ሆነ። በ2023 ይኸው ምክር ቤት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ሰንደቅ ዓላማ በከተማው ይዞታ ላይ እንዳይሰቀል ሲከለክል፣ በአዛኑ ጊዜ ከጎናቸው ቆመው የነበሩ አንዳንድ ነዋሪዎች ቅር ተሰኝተዋል። ትናንት አናሳ የነበረው አብላጫ ሲሆን የሃይማኖት ጥያቄው አይጠፋም፤ የሚጠየቀው ሰው ይለወጣል።

ጥያቄ፦ የደብራችን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደሩ አንዲት ሴት ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን ላነጋግር ብለው ጠይቀውናል። ግማሾቻችን ግብር የማንከፍልበት ፈቃዳችን ይነጠቃል ብለን ፈራን። ምን ይመክሩናል? (ከዳላስ)

መልስ፦ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መጠኑ ግን ሊስተካከል ይገባል። በ1954 በሊንደን ጆንሰን አነሣሽነት የወጣው ሕግ፣ ከግብር ነፃ የሆኑ የሃይማኖት እና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዕጩን እንዳይደግፉ ወይም እንዳይቃወሙ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት ፈቃዷን ያጣች ቤተ ክርስቲያን የምትታወቀው አንዲት ናት፤ የኒው ዮርክ ስቴቷ ቤተ ክርስቲያን በ1992 በጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ገዝታ ክርስቲያኖች ክሊንተንን እንዳይመርጡ ስላስጠነቀቀች ነው። በጁላይ 2025 ደግሞ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ለቴክሳስ ፍርድ ቤት ከከሳሾቹ ጋር ባቀረበው ሰነድ፣ አንድ ቤተ እምነት በአምልኮ ጊዜ ለራሱ ምእመናን ስለ ዕጩዎች የሚናገረው በክልከላው ውስጥ አይገባም የሚል አቋም ወስዷል። ሕጉ ግን በመጽሐፉ ላይ አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ አቋም ደግሞ አስተዳደር ሲለወጥ ሊለወጥ ይችላል።

ስለዚህ ሁሉንም ተወዳዳሪዎች በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ጋብዙ፤ ንግግሩ በዐውደ ምሕረት ላይ ሳይሆን በአዳራሽ ይሁን፤ ካህኑ «እኚህን ምረጡ» አይበሉ፤ ከሙዳየ ምጽዋቱም አንዲት ሳንቲም ለዘመቻ አትውጣ። ምእመናንን ለመራጭነት መመዝገብ፣ ወገን ሳይለዩ እስከሆነ ድረስ፣ ክልክል ሆኖ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለውን ጉብኝት በዓይኔ ስላየሁ ነው። በሜሪላንድ አንድ የደብር አዳራሽ ውስጥ፣ በዐቢይ ጾም ሰሞን፣ አንዲት ዕጩ ሽሮ እና ጎመን የተደረገበት የወረቀት ሳሕን ይዘው ቆመው ነበር። «እንደምን ዋላችሁ» የሚለውን በመዳፋቸው ላይ በላቲን ፊደል ጽፈውት ኖሮ፣ ሲያነቡት አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ አንዲት እናት ተነሥተው በአውቶቡስ ፌርማታው ላይ በረዶ ስለማይጠረግ ሁለት ጊዜ እንደወደቁ ተናገሩ። ዕጩዋ ሌላ ወረቀት ስላልነበራቸው የጎዳናውን ስም በሶፍት ላይ ጻፉት። ሃይማኖትዎ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። በዋሽንግተን ዲሲ መምረጥ ትችላለህ የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው? (ከዲሲ)

መልስ፦ ለከተማው ምርጫ እውነት ነው። ዲሲ በ2022 ባወጣችው ሕግ መሠረት ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከ2024 ጀምሮ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ጎረቤቷ ታኮማ ፓርክም ይህን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ትፈቅዳለች። ለፕሬዚዳንት እና ለኮንግረስ ግን ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ድንበር ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ለከተማ ምርጫም ቢሆን አይቻልም። የዲሲን ሕግ ኮንግረስ ለመሻር በተደጋጋሚ ስለሞከረ ከመመዝገብዎ በፊት የከተማውን የምርጫ ቦርድ ይጠይቁ፤ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ ስላለ፣ የተመዘገቡበትን ማስረጃ ሁሉ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። የመጠጥ ፈቃድ ስጠይቅ «ኤኤንሲ» ፊት ቅረብ ተባልኩ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ማን መረጣቸው? (ከዲሲ)

መልስ፦ እርስዎ በዲሲ የተመዘገቡ መራጭ ከሆኑ ወይ መርጠዋቸዋል ወይ ቦታውን ባዶ ትተውት አልፈዋል። ኤኤንሲ የሚባሉት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች ዲሲ ራሷን ማስተዳደር ስትጀምር በ1970ዎቹ የተቋቋሙ ናቸው፤ አንድ ኮሚሽነር 2,000 ያህል ነዋሪ ይወክላል፣ ደመወዝ የለውም፣ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፣ ፓርቲ አይጻፍበትም። ስለ መጠጥ ፈቃድ፣ ስለ ግንባታ እና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚሰጡትን ምክር የከተማው መሥሪያ ቤቶች በሕግ ትልቅ ክብደት ሊሰጡት ይገባል። ለመወዳደር የሚያስፈልገው በዚያው ቀጠና የተመዘገቡ የ25 መራጮች ፊርማ ነው፤ ከምግብ ቤትዎ የእሑድ ደንበኞች ውስጥ ይህን ያህል የሰፈር ሰው አይታጣም። ተወዳዳሪ ጠፍቶ ስሙ በእጅ የተጻፈለት ሰው የሚያሸንፍበት ጊዜም አለ። ከአምስት መቶ ዶላር ማስታወቂያ ይልቅ በሰፈሩ ስብሰባ ሦስት ጊዜ መታየት የሚበልጥበት ምርጫ ቢኖር ይህ ነው።

«በአንድ ድምፅ ምን ይመጣል» ለሚሉት ጎረቤቶችዎ ደግሞ ከወንዙ ማዶ የሆነውን ይንገሯቸው። በ2017 በቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ፣ ኒውፖርት ኒውስ በሚገኘው 94ኛው የምርጫ ክልል፣ ድምፁ ዳግም ሲቆጠር ሼሊ ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸንፈው ነበር። በማግሥቱ ዳኞች አንዲት ወረቀት ደግመው አዩ፤ መራጩ የሁለቱንም ዕጩዎች ክብ ካጠቆረ በኋላ በሳይመንድስ ላይ ጭረት አድርጎባታል። ይህች ወረቀት ለዴቪድ ያንሲ ትቆጠር ሲባል ሁለቱም እኩል 11,608 ሆኑ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሁለቱ ስሞች በሁለት የፎቶ ፊልም መያዣ ቆርቆሮዎች ውስጥ ተጠቅልለው ገቡ፣ በሸክላ ሳሕን ውስጥ ተቀላቀሉ፣ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ አንዱን አነሣ። የወጣው የያንሲ ስም ነበር፤ ሪፐብሊካኖችም ምክር ቤቱን በ51 ለ49 ያዙ። ሳይመንድስ በሚቀጥለው ምርጫ፣ በ2019፣ ያለ ዕጣ አሸነፉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዜግነት ካገኘች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። የምርጫ ጣቢያው በአማርኛ ያዘጋጅላታል? አብሬያት መግባትስ እችላለሁ? (ልጇ፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በ1975 በሌላ ቋንቋ ወረቀት እንዲዘጋጅ ሲያዝ የጠቀሳቸው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ነው፤ አማርኛ እና ሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች በውስጡ የሉም። ዲሲ በ2004 በራሷ ሕግ አማርኛን ጨምራለች፤ እናትዎ በምትኖርበት በቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። አብሮ መግባትን በተመለከተ በ1982 በዚያው ሕግ ላይ የተጨመረው አንቀጽ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል። ረዳቱ የመራጩ አሠሪ፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ መሆን ብቻ አይችልም፤ ልጅ መሆን ይችላል። በጣቢያው ቅጽ ሊያስሞሏችሁ ይችላሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት የናሙና ወረቀቱን ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ አውጥተው ቤት ውስጥ ስሞቹን አንድ በአንድ ያንብቡላት። ከመካከላቸው የአገራችን ስም ካለ «የማን ልጅ ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ ዕጩው ስለ ትምህርት ቤቱ እና ስለ ቤት ኪራዩ ምን እንዳለም አብረው ይንገሯት፤ የማታውቀውንም ዕጩ እንዲሁ። ጣቢያው ከገባችሁ በኋላ ግን ምርጫዋን እርሷ ትናገራለች፣ እርስዎ ክቡን ያጠቁራሉ፤ እዚያ መጠቆም አይፈቀድም።